ዓለም የተከተለው መነኩሴ፤ ስለ ቶልስቶይ «አባ ሰርግዮስ»

ዓለምን ስለ ተዉ ሰዎች የተጻፈው ብዙ ነው። በየገዳሙ ያለው ገድል፤ በየዕለቱም የሚነበበው ስንክሳር፤ ሀብትን፣ ሹመትን፣ ትዳርንና ርስትን ንቀው በረሃ የገቡትን ቅዱሳን እየቈጠረ ያመሰግናል። ዓለምን ትቶ ከወጣ በኋላ ዓለም ዱካውን ተከትሎ እስከ በኣቱ ደጃፍ ድረስ ስለ መጣበት ሰው የተጻፈው ግን ጥቂት ነው። ከጥቂቶቹም አንዱ የሩሲያው ደራሲ ሊዮ ቶልስቶይ «አባ ሰርግዮስ» ብሎ የጻፈው አጭር ድርሰት ነው። ደራሲው ይህን ሥራ በ1890 ጀምሮ እስከ 1898 ድረስ እየተወና እየመለሰ ጻፈው፤ በሕይወቱ ሳለ ግን አላሳተመውም፤ የታተመው ከሞተ በኋላ በ1911 ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ቶልስቶይን በ1901 የሩሲያ ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ሲኖዶስ ከማኅበረ ምእመናን እንደ ለየው የሚያውቅ አንባቢ፤ እንዲህ ካለ ሰው ስለ ምንኵስና ምን ይገኛል ብሎ መጽሐፉን ቢያስቀምጥ አይፈረድበትም። የጌታን አምላክነትና የቤተ ክርስቲያንን ምሥጢራት ያልተቀበለ ሰው በነገረ ሃይማኖት መምህር ሊሆን አይችልምና። ነገር ግን አንድ በሽታ አለ፤ እርሱም ውዳሴ ከንቱ ነው፤ ቶልስቶይም ይህን በሽታ ያወቀው ከመጽሐፍ አይደለም። በዘመኑ ከእርሱ ይበልጥ በዓለም የተመሰገነ ደራሲ አልነበረም፤ ከሩቅ አገር ሳይቀር ሰው ፊቱን ለማየት ወደ ቤቱ ይጐርፍ ነበር። ስለዚህ «አባ ሰርግዮስ» ሐኪም ስለ በሽተኛ የጻፈው ሳይሆን በሽተኛው ራሱ ቍስሉን ገልጦ ያሳየበት ድርሰት ነው፤ እንዲህ ተደርጎ ሲነበብ ነው የሚጠቅመው።

ነገሩ የሚጀምረው በ1840ዎቹ ዓመታት በፒተርስበርግ ከተማ ነው። ስቴፓን ካሳትስኪ የሚባል ወጣት መስፍን በክብር ዘበኛው ፈረሰኛ ጦር መኰንን ሲሆን፤ በንጉሠ ነገሥቱ በቀዳማዊ ኒቆላዎስ ዘንድ ሞገስ ስለ ነበረው የቅርብ አጃቢው ሆኖ ይሾማል ብሎ ሰው ሁሉ ይጠብቅ ነበር። ሰርጉ አንድ ወር ሲቀረው ግን ሥራውን ለቀቀ፤ የእቴጌዪቱ ደንገጡር የነበረችውን ውብ እጮኛውን ተወ፤ ጥቂቱን ርስቱን ለእኅቱ ሰጥቶ ገዳም ገባ።

ከውጭ ለሚመለከት ሰው ይህ የፍጹም መናኝ ሥራ ይመስላል። ቶልስቶይ ግን አንባቢውን ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ካሳትስኪ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በያዘው ነገር ሁሉ አንደኛ ካልሆነ ዕረፍት የማያገኝ ልጅ ነበረ። በጦር ትምህርት ቤት ሳለ በትምህርቱ አንደኛ ሆነ፤ ፈረንሳይኛ ሲናገር ደከም ያለ መስሎ ስለ ታየው እንደ አገሩ ቋንቋ እስኪሆንለት ድረስ ተማረው፤ ሰንጠረዥ ሲጫወት ቢሸነፍ የሰንጠረዥን ጥበብ እስኪጨርስ ድረስ አጠና። አንዱን ተራራ ሲወጣ ወዲያው ሌላ ተራራ ይታየዋል። ከፍ ካሉት መኳንንት ማኅበር ለመግባት ሲል የደንገጡርዋን እጅ ጠየቀ፤ በኋላ ግን ከልቡ ወደዳት። ሰርጉ ሲቃረብ እርስዋ እየተንቀጠቀጠች፤ አስቀድማ የንጉሠ ነገሥቱ ቅምጥ እንደ ነበረች ነገረችው። እንደ አባት ይወደው፣ እንደ አምላክም ሊያመልከው ጥቂት የቀረው ንጉሥ ነበረ። ካሳትስኪ ወደ ገዳም የሄደው በዚህ ጊዜ ነው። እነዚያ ከእርሱ በላይ የነበሩት ሁሉ ወደማይደርሱበት ከፍታ ወጥቶ፤ ከዚያ ሆኖ ቍልቍል ሊመለከታቸው ነው። ደራሲው ፍርዱን እንዳያጠነክር የሕፃንነት እምነቱ እውነተኛ እንደ ነበረ ይጨምራል፤ እምነቱና ትዕቢቱ ግን በአንድ ዕቃ ውስጥ እንደ ተቀላቀሉ ውኃና ወይን ሆነው ነበር፤ እርሱ ራሱ ሊለያቸው አልቻለም።

እዚህ ላይ የኢትዮጵያ አንባቢ አንድ ሌላ ሙሽራ ትዝ ሳይለው አይቀርም። ጥቅምት 14 ቀን የሚታሰበው፤ በሌሎች አብያተ ክርስቲያናት አሌክሲስ የሚባለው ገብረ ክርስቶስ መርዓዊም እንዲሁ በሰርጉ ሌሊት ሙሽራዪቱን ትቶ ወጥቶአል። የንጉሥ ልጅ ነበረ፤ ያጐደለበትም የበደለውም ሰው አልነበረም፤ ማንንም ሊያሳፍር ወይም ከማንም ሊበልጥ ብሎ አልሄደም። በሰው አገር እንደ ድኻ ተቀምጦ ሲኖር ቅድስናው በተገለጠ ጊዜ ደግሞ ከምስጋናው ሸሸ። ነፋስ መርከቡን ወደ አባቱ ከተማ ቢመልሰው በአባቱ ደጅ ተኝቶ፤ የአባቱ አገልጋዮች እየናቁት፤ ስሙን ለማንም ሳይናገር ብዙ ዘመን ኖረ፤ የታወቀውም ከሞተ በኋላ በእጁ በተገኘው ጽሑፍ ነው። እንግዲህ ገብረ ክርስቶስ ሁለት ጊዜ መነነ፤ አንድ ጊዜ ከሀብት፤ ሁለተኛም ጊዜ ከቅድስና ስም። የቶልስቶይ መነኩሴ የመጀመሪያውን በአንድ ቀን ፈጸመው፤ ለሁለተኛው ግን ዕድሜውን ሙሉ ተቸገረ። የድርሰቱ ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ ብዙ አንባቢዎች ሳያስተውሉት የሚያልፉትም ይህንኑ ነው።

በገዳም የተቀበለው የነፍስ አባት ብልህ አረጋዊ ነበረ፤ ትሕትናንና መታዘዝን ያስተምረው ነበር። ሰርግዮስም ታዘዘ፤ በመታዘዝም አንደኛ ሆነ፤ ነገሩ የሚያሥቅም የሚያሳዝንም ነው። በኋላ ለዋና ከተማው ወደሚቀርብ ገዳም ተዛወረ። በዚያ ሳለ በአንድ የበዓል ጸሎት ጊዜ የቀድሞ አለቃው የነበረ ጄኔራል መጣ፤ የገዳሙም አበምኔት፤ ያን ዝነኛ መስፍን መነኩሴ ለእንግዳው ሊያሳይ ወደ መቅደስ አስጠራው። ሰርግዮስ ተቈጣ፤ ለአረጋዊውም ጻፈለት፤ አረጋዊውም የቍጣውን ሥር አገኘው፤ ስለ እግዚአብሔር ክብር ሳይሆን ስለ ራሱ ክብር እንደ ተቈጣ ነግሮት ወደ ሩቅ በኣት ሰደደው። ይህ አጭር ምዕራፍ ለካህናት ሁሉ ሊነበብ ይገባዋል። እንግዳን ለማስደሰት ሲባል መነኩሴን እንደ ንዋየ ቅድሳት አውጥቶ ማሳየት በሩሲያ ብቻ የተደረገ ነገር አይደለም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ከድርሰቱ ሁሉ ይልቅ ስሙ የወጣ ክፍል ነው። ሰርግዮስ በበኣቱ ስድስት ዓመት ሊሞላው ሲል፤ ዕድሜውም 49 ሳለ፤ በቅበላ ሰሞን አንዲት የከተማ ወይዘሮ ከጓደኞችዋ ጋር ተወራርዳ ልታስተው በሌሊት መጣች። እርሱም ፈተናው ባየለበት ጊዜ በመጥረቢያ የግራ እጁን አመልካች ጣት ቈረጠ። ሴቲቱ ደንግጣ ወጣች፤ ከዓመትም በኋላ መነኰሰች። ክፍሉ በብርቱ ችሎታ ተጽፎአል፤ ነገር ግን ከሌሎቹ ገጾች ሲነጻጸር የቲያትር ሽታ አለበት። የሚያሰናክል እጅ ይቈረጥ የሚለውን የጌታን ቃል አባቶች የሥጋን ብልት እንደ መቍረጥ አልተረጐሙትም፤ ምክንያቱም ከዚህ ታሪክ ይታያል። ጣቱ ተቈረጠ፤ ወሬው ግን በቀለ። ወይዘሮዋ ያየችውን ተናገረች፤ ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ሰርግዮስ የአገር መነጋገሪያ ሆነ።

የዝናው አመጣጥ በተጻፈበት ስፍራ ግን ቶልስቶይ ከማንም አይተካከልም። መጀመሪያ አንዲት እናት የታመመ የ14 ዓመት ልጅዋን አመጣች፤ መነኩሴው የመፈወስ ሥልጣን የለኝም ብሎ እንቢ አለ፤ በኋላ ግን ጸለየለት፤ ልጁም ዳነ። ሌሎች መጡ። አበምኔቱ ለመጭዎቹ ማረፊያ አሠራ፤ የሚቀበልበት ቀን ተወሰነለት፤ ሰውም እንዳይጋፋው ዙሪያው ታጠረ። ሰርግዮስ ይህ ሁሉ ነፍሱን እንዳደረቀው ያውቃል፤ ደክሞኛል ብሎ ያጕረመርማል፤ ሰው ባይመጣበት ግን ያዝናል። አንድ ጊዜ ሊጠፋ አስቦ የባላገር ልብስ አዘጋጀ፤ ዛሬ ነገ ሲል ልብሱ ተሰቅሎ ቀረ። ከድርሰቱ ሁሉ ይህ የተሰቀለ ልብስ ይበልጣል። የሚሻለውን የሚያውቅ፤ የሚሄድበትን መንገድ የመረጠ፤ ልብሱንም የሰፋ ሰው፤ ከምስጋና ጋር አንድ ቀን ብቻ ልደር እያለ ዓመታት ሲያሳልፍ በዚህ ውስጥ ይታያል።

በገዳም ያደገ ሰው ይህ አዲስ አይሆንበትም። ማር ይስሐቅንና ፊልክስዩስን የተማረ፤ ወይም አረጋዊ መንፈሳዊን ያነበበ ሰው፤ ውዳሴ ከንቱ ከሌሎቹ ኃጢአቶች ሁሉ በኋላ እንደሚመጣና ሌሎቹ በተሸነፉ መጠን እርሱ እንደሚበረታ ያውቃል። የቶልስቶይ ድርሻ ትምህርቱ አይደለም፤ የመነኮሳትን መጽሐፍ ከፍቶ የማያውቅ የከተማ ሰው፤ በመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጦ የሹመት ደብዳቤ የሚጠብቅ ሰው፤ ራሱን በመነኩሴ ቆብ ውስጥ እንዲያይ ማድረጉ ነው። ሹመቱ ጽድቅ ተባለ እንጂ መንገዱ ያው የጦር ትምህርት ቤቱ መንገድ ነው።

ውድቀቱ በጥቂት ገጾች ያልፋል፤ እንዲህ መሆኑም ተገቢ ነው። አንድ ነጋዴ የታመመች የ22 ዓመት ልጁን ሊያስፈውስ አመጣት፤ ጣቱን ቈርጦ ወይዘሮዋን ያሸነፈው መነኩሴ በዚህች ልጅ ያለ ውጊያ ተሸነፈ። አንዳንዶች ይህ የማይታመን ነው ብለዋል። ይታመናል። በመጀመሪያው ሌሊት አደጋ ላይ እንዳለ የሚያውቅ ሰው ነበረ፤ በሁለተኛው ሌሊት ግን ሰው ሁሉ ቅዱስ ያለው ሰው ስለ ነበረ በሩን የሚጠብቅ አልነበረም። በነጋታው የተሰቀለውን የባላገር ልብስ ለበሰ፤ ጠጕሩን ቈርጦ ሸሸ።

ራሱን ሊያጠፋ እያሰበ ሳለ በሕልሙ መልአክ ወደ ፓሼንካ ሂድ አለው። ፓሼንካ ማን ናት? በልጅነቱ እነርሱ ቤት ያመጡአት የነበረች፤ ቀጫጫና ፈሪ ልጅ ናት። ወንዶቹ ልጆች እንዴት እንደምትዋኝ አሳዪን እያሉ ወለል ላይ አስተኝተዋት በደረቅ መሬት ስትዋኝ ይሥቁባት ነበር። ሰርግዮስ በእግሩ ረጅም መንገድ ሄዶ ሲያገኛት አሮጊት ሆናለች። ባልዋ ገንዘብዋን አጥፍቶ ሞቶአል፤ ይመታትም ነበር፤ እርስዋ ግን በደሉን በራስዋ ላይ ታደርገዋለች። አሁን ሥራ የሌለውንና የሚጠጣውን አማችዋን፣ በሽተኛ ልጅዋንና የልጅ ልጆችዋን የምታኖረው ለነጋዴዎች ልጆች ሙዚቃ እያስተማረች ነው።

በዚህ ስፍራ ቶልስቶይ ብዕሩን ዝቅ ያደርገዋል፤ ድርሰቱም ከፍ የሚለው በዚህ ጊዜ ነው። ሰርግዮስ ሲደርስ ፓሼንካ ለልጅ ልጆችዋ ዘቢብ ያለበት ዳቦ ልትጋግር ሊጥ ስታቦካ ነበር። ምጽዋት ለማኝ መጥቶአል ተብሎ ሲነገራት ገንዘብ ልትሰጥ ፈለገች፤ ካላት ሳንቲም ሁሉ ትንሹ አሥር ኮፔክ ሆነባትና ዳቦ ብቻ ይበቃል አለች፤ ወዲያው በንፉግነትዋ አፈረች፤ ራስዋን ለመቅጣት ዳቦውንም አሥሩንም ኮፔክ ሰጠች። ያንን ሁሉ ሕዝብ ሲባርክ የኖረው መነኩሴ በአንድ ቀን እንኳ እንዲህ ያለ ፍርድ በራሱ ላይ አልፈረደም። ስለ ኑሮዋ ሲጠይቃትም እርስዋ የምትናገረው ስለ ክፋትዋ ብቻ ነው። ሰነፍ ነኝ ትላለች፤ ጸሎቴ ከአንገት በላይ ነው ትላለች፤ ቤተ ክርስቲያን የምሄደው አልፎ አልፎ ነው፤ የልብሴን መበጣጠስ ሰው ሲያየው ለልጄና ለልጅ ልጆቼ አፍራለሁ ትላለች። ሰርግዮስ የሚረዳው ከዚህ ነው፤ እርሱ እግዚአብሔርን ምክንያት እያደረገ ለሰው ሲኖር እርስዋ ለሰው የምትኖር እየመሰላት ለእግዚአብሔር ኖራለች።

የፓሼንካ ኑሮ ግን ብዙዎች እንደሚሉት የደስታ ሥዕል አይደለም። አትሥቅም፤ አትዘምርም፤ ድኽነቷንም አልመረጠችውም። ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ እግዚአብሔርን መምሰል ካለው ከመርካት ጋር ትልቅ ትርፍ እንደ ሆነ ሲጽፍለት፤ አንዳንድ ሰባኪዎች መርካትን የጠገበ ሰው ፈገግታ አድርገው ይሰብኩታል። በዚህች አሮጊት ቤት የሚታየው መርካት ሌላ ነው። ምንም አልጐደለኝም ማለት አይደለም፤ ብዙ ጐድሎባታልና። የጐደለው ነገር በማንም ላይ ቂም ሆኖ አልወጣም፤ ምጽዋትንም አላስቀረም፤ ይህን ያህል ነው። ከተማ የሚኖር፤ በረሃ ሊወጣ የማይችል፤ የሚያስተዳድረው ቤተ ሰብ ያለው ክርስቲያን ከመነኩሴው ይልቅ ከእርስዋ የሚማረው አለ።

ከዚህ በኋላ ግን ደራሲውን መውቀስ ይገባል። ሰርግዮስ ወድቆ ተነሣ፤ ኃጢአቱንም ለፓሼንካ ተናገረ፤ ወደ ካህን ግን አልቀረበም። የንስሓ አባት አልፈለገም፤ ቀኖና አልተቀበለም፤ ሥጋ ወደሙን ሳያስብ ይሄዳል። ብዙ ዘመን ቀድሶ ያቈረበ ቄስ እንዲህ ያደርጋል ብሎ ማመን ይከብዳል፤ ይህን ያደረገው ሰርግዮስ ሳይሆን ቶልስቶይ ነው። ደራሲው በራሱ አሳብ ምሥጢራትን ስለ ነቀፈ፤ ከገጸ ባሕርዩ ላይ ነጠቀበት። ደግሞም አንድ ጥያቄ ሳይጠየቅ ቀርቶአል። ፓሼንካ የተበጣጠሰ ልብስዋን አፍራ ከቤተ ክርስቲያን ስትቀር የደብሩ ካህን የት ነበረ? ቶልስቶይ ይህን የሚጽፈው ቤተ ክርስቲያን የማታስፈልግ መሆንዋን ለማሳየት ይመስላል፤ ካህን የሆነ አንባቢ ግን ይህን መስመር ሲያነብ የሚሰማው ክርክር ሳይሆን ወቀሳ ነው፤ ልብስዋን አፍራ የቀረች ምእመን በየደብሩ አትጠፋምና።

ይህን ድርሰት ከጸሐፊው ፍጻሜ ለይቶ ማንበብም አስቸጋሪ ነው። በ1910 በኅዳር ወር ቶልስቶይ በ82 ዓመቱ በሌሊት ከቤቱ ተነሥቶ ጠፋ፤ እንደ ሰርግዮስ ልብሱ ሲሰቀል ብዙ ዘመን የኖረ ሰው ነበረ። መጀመሪያ የሄደውም በአረጋውያን አባቶቹ ወደ ታወቀው ወደ ኦፕቲና ገዳም ነው። በአጥሩ ዙሪያ ተመላለሰ፤ አባቶችን ግን ሳያገኝ ተመለሰ። ከዚያ መነኵሲት እኅቱን ጐብኝቶ በባቡር ሲሄድ ታመመና አስታፖቮ በምትባል ትንሽ ጣቢያ፤ በጣቢያው ሹም ቤት ተኛ። በጥቂት ቀን ውስጥ ጣቢያዪቱ በጋዜጠኞችና በሥዕል አንሺዎች ተሞላች፤ የበሽተኛው ነገር በየሰዓቱ በቴሌግራም ወደ ዓለም ይበር ነበር። ከኦፕቲና አባ ቫርሶኖፊይ የሚባሉ አረጋዊ ሊያዩት መጡ፤ በዙሪያው የነበሩት ግን አላስገቡአቸውም። ሸሽቶ የወጣው ሰው፤ ሸሽቶ በወጣበት ስፍራ ከምንጊዜውም ይልቅ በሰው ዓይን ተከቦ ሞተ። ለራሱ የተመኘውን መጨረሻ ለመነኩሴው ብቻ ሰጥቶታል።

የመነኩሴው መጨረሻ እንዲህ ነው። ከፓሼንካ ቤት ወጥቶ ከመንደር መንደር እንደ ነዳያን ዞረ። አንድ ቀን በፈረስ የሚሄዱ ባለጠጎች አንድ የፈረንሳይ እንግዳ ይዘው አገኙት፤ ስለ እርሱ በፈረንሳይኛ ተነጋገሩ፤ ያን ቋንቋ በትዕቢት የተማረው ሰው ሁሉን ሰምቶ ዝም አለ። እንግዳው 20 ኮፔክ ሰጠው፤ ተቀበለና ለዕውር ጓደኛው ሰጠ። ከዚያም የይለፍ ወረቀት ስለሌለው ተያዘ፤ ማን እንደ ሆነ ሲጠየቅ የእግዚአብሔር ባሪያ ነኝ ከማለት በቀር ሌላ ስም አልተናገረም፤ ወደ ሳይቤሪያም ተጋዘ። ቶልስቶይ የዚያን አገር ኑሮውን የሚናገረው በጥቂት ቃላት ብቻ ነው፤ አንዳንድ ሐያስያንም ድርሰቱ ሳይጠገብ አለቀ ብለው ያማርራሉ። ያን ያህል ስለ ትዕቢቱ የጻፈ ደራሲ ስለ ሰላሙ የሚጽፈው አጣ ወይ ይላሉ። አንባቢ ግን ከዚህ በኋላ የሚያየው ሰው የለም፤ ሰርግዮስ ከድርሰቱም ወጥቶአል። በአንድ ባለጠጋ ገበሬ ቤት ተቀጥሮ አትክልት ይኰተኵታል፤ ልጆች ያስተምራል፤ የታመመ ይጠይቃል።